ስፕሪንግ ቡት 3 ቶምካት 9 ላይ 404 ሲያመጣ

የጃቫ ዌብ መተግበሪያ ለመሥራት ከስፕሪንግ ቡት፣ ከኳርከስና ከጃካርታ ኢኢ አንዱን ለመምረጥ ስታስቡ ከፍጥነት በፊት የጥቅሎቹን (ኮዱ የሚጠራቸውን የክላስ ስብስቦች) ስም እዩ። ችግሩ እንዲህ ይመጣል፦ በስፕሪንግ ቡት 3 የተሠራ የዋር ፋይል (ለሰርቨር የታሸገ መተግበሪያ) ቶምካት 9 በተባለው የጃቫ ዌብ ሰርቨር ላይ ይጫናል፤ ሎጉ ላይ ስሕተት የለም፣ ስፕሪንግ ሲነሣ የሚጽፈው ባነርም አይወጣም። የትኛውም አድራሻ ሲጠራ ግን መልሱ 404 («አልተገኘም») ነው።

በ2020 የወጣው ጃካርታ ኢኢ 9 የጥቅሎቹን ስም ከ«ጃቫክስ» ወደ «ጃካርታ» ቀየረ። ስፕሪንግ ቡት 3 በአዲሱ ስም ይሠራል። ቶምካት 9 የሚያውቀው የድሮውን ብቻ ስለሆነ ማስጀመሪያውን ክላስ ሳያየው ያልፋል። ዝምታው ነው ሰው የሚያደክመው።

መፍትሔው ጃቫ 17 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከቶምካት 10.1 ጋር ነው። ከዚያ የኢምፖርት መስመሮቹን መቀየር ይቀራል፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሰርቭሌት፣ የፐርሲስተንስና የቫሊዴሽን ጥቅሎች ይቀየራሉ። «ጃቫክስ.ኤስኪውኤል» እና «ጃቫክስ.ክሪፕቶ» ግን የጃቫው የራሱ አካል ስለሆኑ አይነኩም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ «ፈልግና ተካ» ካላችሁ ዳታሶርስን (ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘውን የ«ጃቫክስ.ኤስኪውኤል» ክፍል) የሚጠቀመው ኮድ ሁሉ ኮምፓይል አያደርግም።

ቀጥሎ ፕሮጀክቱን የሚገነባው የሜቨን መሣሪያ የሚያሳየውን የዲፔንደንሲ ዛፍ (የተጠቀማችኋቸውን ላይብረሪዎች ዝርዝር) አውጥታችሁ በድሮው ስም የቀሩ ላይብረሪዎችን ለዩ። አዲስ እትም ለሌለው ጃር (የታሸገ የጃቫ ላይብረሪ ፋይል) የቶምካት የጃካርታ መሸጋገሪያ መሣሪያ ስሞቹን እዚያው ጃሩ ውስጥ ይለውጣል።

ኳርከስ 3ም በአዲሱ ስም ስለሆነ ወደ እሱ መዞር ከዚህ ሥራ አያድንም። ሰርቨሩን መቀየር የማይፈቀድ ከሆነ ቶምካቱን በውስጡ የያዘ ጃር አድርጎ ማስነሣት ይሻላል።