ከሰሜን ኮሪያ ያመለጡ ሰዎችን ግለ ታሪክ ለማንበብ የሚረዳ መመሪያ

ከሰሜን ኮሪያ ያመለጡ ሰዎች የጻፏቸውን ግለ ታሪኮች የሚያነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቸኩለው አገሪቱን ከቻይና የሚያዋስነው የቱመን ወይም የያሉ ወንዝ ወደሚሻገርበት ምዕራፍ ነው። ስለ አገዛዙ አሠራር ይበልጥ የሚናገረው ግን ባለታሪኩ መሄድን ገና ሳያስብ የኖረበት ዘመን ስለሆነ፣ የልጅነቱን ምዕራፎች ሳይዘሉ በዝግታ ያንብቡ።

አስቀድመው ጸሐፊው ያደገበትን ግዛትና ከአገሩ የወጣበትን ዓመት ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የመንግሥት የእህል ራሽን ተቋርጦ ረሃብ በበረታበት ጊዜ ያደገ ልጅና ከዚያ በኋላ የግል ገበያ በተስፋፋበት ዘመን ያደገ ልጅ፣ ስለ ሁለት የተለያዩ አገሮች የሚጽፉ ሊመስሉ ይችላሉ። ግዛቱም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፤ ደቡብ ኮሪያ ከደረሱት ከ33,000 በላይ ስደተኞች አብዛኞቹ ሴቶች ሲሆኑ፣ የሚበዙትም የመጡት ቻይናን ከሚያዋስኑት ከሰሜን ሃምግዮንግና ከርያንጋንግ ነው። ስለዚህ ከእነዚህ ግዛቶች የመጣ ጸሐፊ ስለ ፒዮንግያንግ ሹማምንት ኑሮ ሲተርክ፣ የሚነግረን በሩቁ የሰማውን ሊሆን ይችላል።

እርሳስ ይዘው በኅዳጉ ላይ ባለታሪኩ ያየውን፣ የሰማውንና በኋላ የተማረውን እየለዩ ምልክት ቢያደርጉ ይጠቅማል። ለምሳሌ ቤተሰቦችን ለአገዛዙ ባላቸው ታማኝነት የሚመድበው ሶንግቡን የተባለው ሥርዓት በልጅነት ምዕራፍ ውስጥ በዝርዝር ተብራርቶ ቢገኝ፣ ማብራሪያው የልጁ ሳይሆን አድጎና ተሰዶ ብዙ የተረዳው ሰው ነው። ይህ ውሸት አይባልም፤ አንባቢ ግን የትኛው ድምፅ እንደሚናገር ማወቅ አለበት። መጽሐፉ በአስተርጓሚና በጋዜጠኛ እገዛ የተጻፈ መሆኑን ለማወቅም መግቢያውንና ምስጋናውን ይመልከቱ።

ጥርጣሬ የሚያጭር ነገር ሲገጥም መጽሐፉን ወርውሮ መተው አይገባም። የቀድሞው እስረኛ ሺን ዶንግ ሂዩክ እ.ኤ.አ. በ2015 ቀደም ሲል ከተናገራቸው ነገሮች የተወሰኑት የተፈጸሙበት ቦታና ጊዜ ሌላ እንደነበረ አምኗል፤ የፖለቲካ እስረኞች ካምፖች መኖራቸው ግን በእርሱ ቃል ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት አጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ዘገባ በሴኡል፣ በቶኪዮ፣ በለንደንና በዋሽንግተን በይፋ የተሰሙ ከ80 በላይ ምስክሮችንና በምስጢር የተደረጉ 240 ቃለ ምልልሶችን የያዘ በመሆኑ፣ አንድን ትረካ ለማመሳከር ከእርሱ የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል።

የስም መቀየርና የመንገድ ዝርዝር መጉደል ግን በራሳቸው አያስጠረጥሩም። እዚያ የቀሩ ዘመዶች ሊቀጡ፣ ሰው የሚያሻግሩ ደላሎችም ሊጋለጡ ስለሚችሉ ጸሐፊው ሆን ብሎ ይዘላል። እኔ እንዲያውም እያንዳንዱን ኬላ አሳምሮ ከሚዘረዝር ይልቅ እንዲህ የሚዘልን ጸሐፊ አምናለሁ።

ወንዙን መሻገር የመከራው ማብቂያ እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። ቻይና ሰዎቹን በሕገ ወጥ መንገድ እንደገቡ ቆጥራ ስለምትመልሳቸው፣ ብዙዎቹ በላኦስና በታይላንድ በኩል ረጅም ጉዞ ያደርጋሉ። ደቡብ ኮሪያ ሲደርሱ ሃናዎን በተባለው ማዕከል ለሦስት ወር ያህል ስለ አዲሱ ኑሮ ይማራሉ። ብዙ አንባቢ መጽሐፉን የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው። ለደላላ የሚከፈለው ዕዳ፣ በአነጋገር ዘዬ መለየት፣ ለቀሩት ቤተሰቦች በስውር የሚላከው ገንዘብ የሚነሡት ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ገጾች ነው።