ጅማ ላይ የሐበሻ ጥድ ሲያስቸግር

የሐበሻ ጥድ፣ በኦሮምኛ ጋቲራ፣ ከ1,100 እስከ 3,500 ሜትር ከፍታ ስለሚበቅል የጅማ ከፍታ አይከብደውም። የሚከብደው ዝናቡ ነው፤ የደረቅ ደጋ ዛፍ ነውና። ችግኙ ሲጠወልግ ውሃ ለመጨመር አይቸኩሉ።

የሐበሻ ተብሎ የተገዛው እንጨት የመሰለ ክብ ፍሬ አፈራ
የፈረንጅ ጥድ ነው፤ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ። ፍሬው ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የሐበሻው ፍሬ ከ1 ሳንቲ ሜትር ያንሳል፤ ሥጋ አለው፣ ሲበስል ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ላዩ አመድ የነካው ይመስላል። ፍሬ የሌለው ሁሉ ግን የፈረንጅ አይደለም፤ የሐበሻ ጥድ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ስለሆኑ ወንዱ አያፈራም። በችግኝነታቸው ሁለቱም መርፌ ቅጠል ያወጣሉ። ስለዚህ ሲገዙ ዘሩ ከየትኛው ዛፍ እንደተለቀመ መጠየቅ ቅጠል ከመመርመር ይሻላል።

ዘሩ አልበቀለም
ብዙው ዘር ውስጡ ባዶ ነው። የበሰለውን ፍሬ ከዛፉ ላይ ለቅመው፣ አሽተው ሥጋውን ያጥቡና ዘሩን ውሃ ውስጥ ይጨምሩት፤ የሚንሳፈፈውን ይጣሉ። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ አልብሰው ይዝሩ። አበቃቀሉ አዝጋሚና የተንጠባጠበ ስለሆነ መደቡን ቶሎ አይገልብጡ።

ቡቃያው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቀጥኖ ወደቀ
እርጥበት የሚያፋፋው ፈንገስ ነው። የወደቀውን ከነአፈሩ ያውጡ። የቀረውን ያሳሱ፣ ውሃ በጠዋት ብቻ ያጠጡ፤ አፈሩ ላዩ ሳይደርቅ አይድገሙ። ዝናብ ሲበረታ መደቡን በፕላስቲክ ይከልሉ፣ ጎኑ ግን ክፍት ይሁን። ለሚቀጥለው መደብ 2 እጅ የደን አፈር፣ 1 እጅ የአካባቢ አፈርና 1 እጅ አሸዋ ይቀላቅሉ። ቀዩ አፈር ብቻውን ሲሆን ላዩ ይጠቀጠቅና ውሃ ይቋጥራል።

ቅርንጫፉ ቡናማ ሆነ
ቅርንጫፉን ገልጠው ይዩ። የሚያጣብቅ ፈሳሽ፣ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታና የሚመላለስ ጉንዳን ካለ የጥድ ክሽክሽ፣ ማለትም የዛፉን ፈሳሽ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ነው፤ ሁለቱንም ጥድ ያጠቃል። ክሽክሹ የሚሰፍረው ቀጭን እንጨቱ ላይ ስለሆነ ከላይ ብቻ መርጨት ዋጋ የለውም። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው፣ ዝናብ በሌለበት ጠዋት እስከ ውስጥ ያርሱት፤ በሳምንቱ ይድገሙ። የሞተውን ቅርንጫፍ ይቁረጡ፤ ቅጠል ከሌለበት እንጨት ጥድ መልሶ አያቆጠቁጥም። የሚያጣብቅ ነገር ከሌለና ቡናማው ጥላ የዋጠው የውስጥ ቅጠል ብቻ ከሆነ ይተዉት፣ ጤነኛ ነው።

የተተከለው ሐምሌ ላይ ቢጫ ሆነ
ሥሩ ውሃ ላይ ተቀምጧል። ከመትከልዎ በፊት 40 ሳንቲ ሜትር ቆፍረው ውሃ ይሙሉበት፤ በማግስቱም ካልሰረገ ቦታ ይቀይሩ ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የአፈር ክምር ላይ ይትከሉ።