የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ፊልም አናቴዝ አልሆን ሲል

አናቴዝ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ አንዱ የክሪስታል ዓይነት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በሶል-ጄል (ፈሳሽ ቀብቶ በማሞቅ) ስስ ፊልም የሚሠራ ተማሪ የኤክስሬይ ልኬቱ ባዶ ሲሆንበት ቶሎ የሚሮጠው ፈርነሱን (ማሞቂያ ምድጃውን) ከፍ ለማድረግ ነው። እኔ ግን ከሥር ያለውን መስታወት መጀመሪያ እዩት እላለሁ። ብዙው ጣጣ የሚመጣው ከዚያ ነው።

450 ዲግሪ ላይ አኒል ተደርጎ (ሞቆ) ምንም ፒክ (ክሪስታልን የሚያሳይ ሹል ጫፍ) የለም

ፊልሙ ክሪስታል አልሆነም ወይስ መሣሪያው አላየውም? ይህን ሳትለዩ ወደ ሌላ አትሂዱ። ፊልሙ 100 ናኖሜትር ገደማ ከሆነ፣ በተለመደው አለካክ ኤክስሬዩ ፊልሙን አልፎ መስታወቱ ውስጥ ይገባል። በማዕዘን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ የሚታየው ሰፊ ጉብታ የመስታወቱ ነው። የአናቴዝ ዋና ፒክ ደግሞ በመዳብ ጨረር 25.3 ዲግሪ ላይ ነው፤ ልክ እዚያው ጉብታ ላይ። ደካማ ከሆነ ይዋጣል። ጨረሩን ግማሽ ወይም አንድ ዲግሪ አካባቢ ዝቅ ባለ ማዕዘን አስገቡ። ካልተቻለ ራማን (በሌዘር የሚሠራ ልኬት) ሞክሩ፤ አናቴዝ 144 cm⁻¹ ላይ ጠንካራ መስመር አለው። ሰብስትሬቱ (ፊልሙ የተቀባበት ነገር) ሲሊኮን ከሆነ ግን 515 አካባቢ ያለውን መስመር አትመኑ። የሲሊኮኑ የራሱ መስመር 520 ላይ ስለሆነ ይሸፍነዋል።

በራማንም ከጠፋ ሶዲየምን ጠርጥሩ። የማይክሮስኮፕ ስላይድ አብዛኛውን ጊዜ ሶዲየም ያለበት ተራ መስታወት ነው። ሲሞቅ ሶዲየሙ ወደ ፊልሙ ይወጣና አናቴዝ እንዳይፈጠር ያጓትታል። እዚህ ላይ ሙቀት መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል፤ ሶዲየሙ ይበልጥ ይወጣል፣ ስላይዱም መለስለስና መጉበጥ ይጀምራል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ያንኑ ሶል (የሚቀባውን ፈሳሽ) በአንድ ቀን ስላይድና ኳርትዝ ላይ ቀቡ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ፈርነስ ውስጥ አስገቡ። ኳርትዙ ላይ አናቴዝ ወጥቶ ስላይዱ ላይ ከቀረ ሶሉ ምንም አልበደለም። ኳርትዝ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ስላይዱን መጀመሪያ በሲሊካ ሶል ቀብታችሁ አኒል አድርጉት፤ ያ ሽፋን ሶዲየሙን ያግደዋል። ታይታኒየሙን ከዚያ በላይ ቀቡ።

ሳይጠበቅ ሩታይል መጣ

ሩታይል ሌላው የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ክሪስታል ነው። ሰብስትሬቱ ኤፍቲኦ (ፍሎሪን ያለበት ቲን ኦክሳይድ የተቀባ መስታወት) ከሆነ ቶሎ አትደምድሙ። የቲን ኦክሳይዱ መዋቅር የሩታይል ዓይነት ነው፤ ፒኩም 26.6 ላይ፣ ከሩታይሉ 27.4 አጠገብ ይወጣል። ባዶውን ኤፍቲኦ ለክታችሁ ከላዩ ላይ ደርቡት። እውነትም ሩታይል ከሆነ ቴርሞካፕሉ (የፈርነሱ ሙቀት መለኪያ) ከሳምፕሉ ምን ያህል እንደሚርቅ እዩ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር የሳምፕሉ ሙቀት ላይሆን ይችላል። አናቴዝ አንዴ ሩታይል ከሆነ ማቀዝቀዝ አይመልሰውም፤ አዲስ ሳምፕል ሥሩ።

ፊልሙ ተሰነጣጠቀ ወይም ነጣ

በጋ ላይ እንደ ሞረትና ጅሩ መረሬ አፈር የተሰነጣጠቀ ፊልም በአንድ ጊዜ ወፍሮ የተቀባ ነው፣ ወይም ሙቀቱ ተጣድፎበታል። አሳስታችሁ ደጋግማችሁ ቀቡ፤ በየመሃሉ አድርቁ፤ ፈርነሱን በደቂቃ ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ብቻ አሳድጉ።

የነጣው ሌላ ነው። ታይታኒየም አይሶፕሮፖክሳይድ (የሶሉ መነሻ ኬሚካል) እርጥበት ሲነካው ወዲያው ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፤ ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ ክፉ ወር ናቸው። አሴቲልአሴቶን (ይህን የሚያዘገይ ኬሚካል) ቀድማችሁ ጨምሩ፣ ሶሉ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ውሃውን በኢታኖል አቅጥናችሁ በመጨረሻ ጠብ ጠብ አድርጉ። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ 78 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ኢታኖል 70 አካባቢ ይፈላል። በሌላ ቦታ የተጻፈን አሠራር እንዳለ ብትከተሉ ኢታኖሉ ቶሎ ተንኖ ሶሉ ሳታስቡት ይወፍራል። ክዳን አይለየው።

መሃል ላይ መብራት ጠፋ

ፈርነሱን አትክፈቱ፤ ቀስ ብሎ ይብረድ። ፊልሙ ለሌላ ሥራ ከሆነ ድጋሚ ማሞቅ ይቻላል። ጥናቱ ሙቀትና ጊዜ አናቴዝን እንዴት እንደሚፈጥሩ ከሆነ ግን ያ ሳምፕል ሁለት ጊዜ ሞቋል። ከሌሎቹ ጋር አንድ ግራፍ ላይ አታስገቡት።