ሰላዩን አታሳጡት፦ በስለላ ፊልም ማጀቢያ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ላፕቶፕና ኪቦርድ ያለው ልጅ ሁሉ ዛሬ ሙሉ ኦርኬስትራ በጣቱ ሥር አለለት። ጥሩ ነው። ችግሩ ሁሉንም ባንዴ ማስጮሁ ነው፤ የስለላ አክሽን ሲሆንማ ይብሳል። አጫጭር ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች ማጀቢያ ሙዚቃቸውን «እስቲ ስማልኝ» እያሉ ይልኩልኛል። አንዱን መልስ ለሁሉም መጻፍ ስለሰለቸኝ እዚህ ላይ ሰብሰብ ላድርገው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። የሰላይ ሥራው መደበቅ ነው። ፊቱ አይናገርም፣ አፉ ይዋሻል። ፈርቶ ይሁን፣ አፍቅሮ ይሁን፣ ሊገድል ይሁን፣ ተመልካቹ የሚያውቀው ከሙዚቃው ነው። ኦርኬስትራ በስለላ ፊልም ላይ ይህን ያህል የሚጥመን ለዚህ ይመስለኛል። የሰውዬውን ገመና የሚያውቅ እሱ ነው። ገመና የሚያውቅ ደግሞ ዝም ማለትም መቻል አለበት።

ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ መጮህ

ይሄኛው ያናድደኛል። አንድ ልጅ በላከልኝ ትዕይንት ላይ ሰውዬው ከታክሲ ይወርዳል፣ ሒሳብ ይከፍላል፣ መልሱን ይቀበላል። በቃ። ከበስተጀርባ ግን ትሮምቦኑ፣ ከበሮው፣ መዘምራኑ ሳይቀሩ ዓለም ልትጠፋ ነው ይላሉ። «ምነው?» ስለው «ውጥረት እንዲኖረው ነዋ» አለኝ። ወንድሜ፣ ለታክሲ ሒሳብ ይሄን ያህል ካስጮህክ ሽጉጥ ሲመዘዝ ምን ልታደርግ ነው?

ሂችኮክ በ1959 የሠራውን «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» አውጡና የአውሮፕላኑን ትዕይንት እዩ። ሰውዬው ገላጣ ሜዳ መሐል፣ መንገድ ዳር ቆሟል። መኪና ያልፋል። አቧራ ይነሳል። ከዚያ የሰብል መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ እየበረረ ያሳድደዋል፣ ይተኩስበታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ኖታ የለም። የሞተር ድምፅና የሰው ሩጫ ብቻ ነው። የበርናርድ ኸርማን ኦርኬስትራ የሚገባው አውሮፕላኑ ከነዳጅ ቦቴው ጋር ሲላተም ነው። ኸርማን የሚጽፈው አጥቶ እንዳይመስላችሁ፤ የዚያው ፊልም መክፈቻ ሙዚቃው ወንበር ላይ አያስቀምጥም።

ዴቪድ አርኖልድም በ2006 ለ«ካዚኖ ሮያል» ፊልም ሲሠራ በዓለም የታወቀው የሰላዩ የጄምስ ቦንድ ዜማ በእጁ ነበር። አልለቀቀውም። አልፎ አልፎ ቁራጩን ጣል ያደርጋል እንጂ ሙሉውን ይዞት ይቆያል፤ ሰውዬው ገና ቦንድ አልሆነማ! መጨረሻ ላይ ስሙን ሲናገር ዜማው ይለቀቃል። ከሁለት ሰዓት በላይ ስለጠበቅነው ፀጉራችን ይቆማል። ያንኑ ዜማ በየአሥር ደቂቃው ቢያሰማን ኖሮ በዚያ ሰዓት ኮታችንን እየፈለግን ነበር።

ስለዚህ ኪቦርዱን ከመክፈታችሁ በፊት ፊልሙን ያለ ሙዚቃ እዩትና ሙዚቃ የማያስፈልገውን ቦታ ምልክት አድርጉ። ዳይሬክተሩ ይከራከራችኋል። እናንተም ተከራከሩት።

የቦንድን ዜማ ጠምዘዝ አድርጎ መውሰድ

ዜማው የሞንቲ ኖርማን፣ ቅንብሩ የጆን ባሪ ነው፤ የ1962 ሥራ። ጀማሪ የሚወስደው የጊታሩን ዜማ ነው። ሰሚው ወዲያው ያውቅበታል፤ ዩቲዩብ ደግሞ ከሰሚው ይቀድማል። ከወሰዳችሁ አሠራሩን ውሰዱ። ኢ ማይነር ያዙ። ባሱ ኢ ላይ ይቀመጥ። መሐል ላይ አንድ ድምፅ ብቻ ቢ፣ ሲ፣ ሲ ሻርፕ፣ ተመልሶ ሲ እያለ ይሂድ። ሌላው ሁሉ ቆሞ አንዱ ብቻ በግማሽ ድምፅ ሲሹለከለክ ስሙት። በትዝታና በባቲ ያደገ ጣት እንዲህ ተከታትሎ የሚሄድ ግማሽ ድምፅ ብዙም አልለመደም፤ ቀስ ብላችሁ ደጋግሙት።

አምስት ምትን አራት ማድረግ

ላሎ ሺፍሪን በ1966 «ሚሽን ኢምፖሲብል» ለሚባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ የጻፈው ሙዚቃ በአምስት ምት ይሄዳል። የሚኮርጀው ሰው አራት ያደርገዋል፣ ከዚያ የሰልፍ ማርሽ ሆኖ ቁጭ ይላል። እያንዳንዱን ምት ለሁለት ክፈሉና አሥሩን በአጫጭሩ ቁጠሩት፦ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስቶች ለኛ ጆሮ ችክችካ ይመስላሉ። ትከሻ ሊነሳ ሲል ሁለት ሁለቱ ይመጣና እግር ይጠልፋል። ውጥረቱ ያለው እዚያ መደናቀፉ ላይ ነው። ለ1996ቱ ፊልም የዩቱ ባንድ ሁለት አባላት በሠሩት ስሪት አብዛኛው ክፍል ወደ አራት ምት ዞሯል። ለመደነስ ደስ ይላል፤ ቦምብ ለማክሸፍ ግን አይሆንም።

ነፊው የማይተነፍስ ሲሆን

ትራምፔት በቀስታ ሲነፋና በኃይል ሲነፋ የድምፁ ቀለም ራሱ ይለያያል። ለስላሳውን ሳምፕል (ከእውነተኛ መሣሪያ የተቀዳውን ድምፅ) ወስዳችሁ ቮልዩሙን ብቻ ብትጨምሩ የሚወጣው የልጆች መጫወቻ ጡሩምባ ነው። ሞድ ዊሉን፣ ማለትም ኪቦርዱ ላይ ያለችውን የድምፅ መቀያየሪያ መንኮራኩር፣ ተጠቀሙ። ደግሞ እባካችሁ አየር ስጡት! አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳያቋርጥ የሚነፋ ሆርን ሰምቼ፣ ኮምፒውተር መሆኑን እያወቅሁ አዘንኩለት።

ንግግርን መዋጥ

ተዋናዩ እያንሾካሾከ በሱ ድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ልክ የሚጫወት ቼሎ (ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ) አታስገቡ።

አሸዋ በታየ ቁጥር ዱዱክ

ዱዱክ የአርመኖች የትንፋሽ መሣሪያ ነው። በፊልም ግን ሰላዩ ካይሮም ይረፍ ዱባይ፣ አሸዋ ከታየ ዱዱክ ያለቅሳል። የኛዎቹ ደግሞ አዲስ አበባ ስትታይ ማሲንቆ ይጎትታሉ። መሣሪያውን ለሰውዬው ስጡት እንጂ ለካርታው አትስጡት። ጆን ባሪ በ1965 ለ«ዘ ኢፕክረስ ፋይል» ሲምባሎም ተጠቀመ፤ ክሩ በመምቻ እየተመታ የሚጫወቱት የምሥራቅ አውሮፓ መሣሪያ ነው። ታሪኩ ግን በአብዛኛው ለንደን ውስጥ ነው የሚሄደው። የሰውዬውን ብቸኝነትና የሥራውን ቅዝቃዜ በዚያ ድምፅ ሰማን። ጆን ፓወል በ2002 ማን እንደሆነ ለረሳው ለጄሰን ቦርን «ባሱን» (bassoon) የሚባለውን መሣሪያ ሰጠው፤ ወፍራም ድምፅ ያለው፣ ትንሽ ግራ የገባው የሚመስል የትንፋሽ መሣሪያ። ማሲንቆም ቢሆን ማንንም ለማያምን ብቸኛ ሰው ቢሰጥ ያምርበታል፤ ባለ አንድ ክር ነው።

ማሳደዱን ብቻ መጻፍ

ይሄን ጀማሪዎች ስህተት ነው ብለው አያስቡትም። ሩጫው፣ ድብድቡ፣ ፍንዳታው ሁሉ ሙዚቃ አለው፤ ሰውዬው የሚያጣው ነገር ግን ዜማ የለውም። በ1969ኙ የቦንድ ፊልም ጆን ባሪ ሉዊ አርምስትሮንግ የዘፈነውን የፍቅር ዜማ ጻፈ። ፊልሙ የሚያልቀው ቦንድ ካገባ በኋላ ወዲያው ሚስቱ ተገድላ ነው። በ2021 ደግሞ ሃንስ ዚመር ያንን ዜማ በ«ኖ ታይም ቱ ዳይ» መጀመሪያ ላይ መልሶ አመጣው። ቦንድ ከፍቅረኛው ጋር በመኪና እየተዝናና ነው፣ ደስ ብሎታል። ዜማውን የሚያውቅ ሰው ግን ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል፤ ያለፈው ጊዜ እንዴት እንዳለቀ ያስታውሳላ። ማንም ሳይናገር ክሮቹ አስቀድመው ነገሩን።

እና ሥራችሁን ከዚህ ጀምሩ። ሰላያችሁ ምን እንደሚያጣ ዳይሬክተሩን ጠይቁት። ለዚያ ነገር አጭር ዜማ በአንድ ጣት ፒያኖ ላይ ፈልጉ። ትሮምቦኖቹ ይጠብቁ።