የክላውድ ፈቃድ ፖሊሲዎችን በቴራፎርም ማስተዳደር

የክላውድ ፈቃዶችን በድረ ገጽ ኮንሶል ላይ መቀየር ለጊዜው ይቀላል፤ ሆኖም ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀየራቸው ኋላ ለማጣራት ያስቸግራል። ፖሊሲው፣ ማለትም ማን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚወስነው ደንብ፣ የክላውድ ቅንብሮችን በኮድ በሚያስተዳድረው መሣሪያ በቴራፎርም ተጽፎ የኮድ ለውጦችን ታሪክ በሚይዘው በጊት ሲቀመጥ ግን እያንዳንዱ ለውጥ ከመተግበሩ በፊት በሌላ ባለሙያ ሊገመገም ይችላል።

ሥራው የሚጀመረው በእጅ የተፈጠሩትን ነባር ፖሊሲዎች ወደ ቴራፎርም በማስገባት ነው። ከቴራፎርም 1.5 ወዲህ የኢምፖርት ብሎክ (ነባሩን ነገር ወደ ቴራፎርም ቁጥጥር የሚያስገባ የኮድ ክፍል) በኮዱ ውስጥ መጻፍ ስለሚቻል፣ ነባሩን ፖሊሲ ሰርዞ እንደገና መፍጠር አያስፈልግም። የሚደረገውን ለውጥ አስቀድሞ የሚያሳየው የ«ፕላን» ትዕዛዝ ከሚገባው ፖሊሲ በቀር የሚጨመር፣ የሚለወጥም ሆነ የሚጠፋ ነገር እንደሌለ እስኪያሳይ ድረስ ኮዱን ያስተካክሉ፤ ለውጡን የሚተገብረው «አፕላይ» የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የሪሶርሱ (በኮዱ የሚገለጸው የክላውድ ነገር) ዓይነት ምርጫ ነው። በጉግል ክላውድ «ጉግል ፕሮጀክት አይኤኤም ፖሊሲ» (አይኤኤም የማንነትና የፈቃድ አስተዳደር ማለት ነው) የተባለው ሪሶርስ የፕሮጀክቱን ፖሊሲ በሙሉ ስለሚተካ፣ በኮዱ ያልተጠቀሰ ሁሉ፣ እርስዎንም ጨምሮ፣ በፕሮጀክቱ ላይ የተሰጠውን ፈቃድ ሊያጣ ይችላል፤ በ«ሜምበር» የሚያበቃው ሪሶርስ ግን ለአንድ ተጠቃሚ አንድ ሚና (የፈቃዶች ስብስብ) ብቻ ሰጥቶ ሌላውን አይነካም። በአማዞን ክላውድ በኤደብሊውኤስም «አይኤኤም ፖሊሲ አታችመንት» ያንኑ ፖሊሲ በሌላ መንገድ ካገኙት ሚናዎች (በኤደብሊውኤስ ፈቃድ የሚሰጣቸው ማንነቶች) ላይ ስለሚያነሣ፣ እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው «አይኤኤም ሮል ፖሊሲ አታችመንት»ን ነው።

የስቴት ፋይሉን፣ ማለትም ቴራፎርም የሚያስተዳድራቸውን ነገሮች የሚመዘግብበትን ፋይል፣ በግል ኮምፒውተር ላይ አያስቀምጡ፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዳይቀይሩት መቆለፊያ ባለው የጋራ ማከማቻ ያኑሩት። በፕላኑ ላይ የሚጠፋ ነገርን የሚያሳየው የመቀነስ ምልክት ያለበትን እያንዳንዱን መስመርም ሳያነቡ አያጽድቁ።