ጥቁሩን ቱቦ አርቁት

ቀለም በጀመርኩበት ዓመት የማንንም ፊት የምቀባው ከቱቦ በጨመቅኩት ቡናማ ነበር። ጥላ ሲያስፈልገኝ ጥቁር ጣል አደርግበታለሁ፤ አለቀ። የእናቴን ፊት እንዲሁ ሠርቼ፣ ሥዕል ያስተማሩኝ ጋሼ ዘንድ ይዤ ሄድኩ። ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና «እናትሽን አሟቸው ነበር እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ጥቁሩንና ቡናማውን ቱቦ አንስተው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉባቸው። ስድስት ወር አልመለሱልኝም።

እናንተም ከዚሁ ጀምሩ። ቢጫ፣ ቀይ፣ አልትራማሪን የሚባለው ጥልቅ ሰማያዊና ነጭ ይበቃሉ። መጀመሪያ ቢጫና ቀዩን በጥብጡና ብርቱካንማ አውጡ። ሰማያዊውን በብሩሽ ጫፍ ብቻ ነካ እያደረጋችሁ ጨምሩበት፤ ቀስ እያለ ቡናማ ይሆናል። ሰማያዊው ጉልበተኛ ነው፤ አንዴ ከበዛ ለመመለስ ብዙ ቢጫ ይበላባችኋል። ቀዩ ሲያመዝን የሸክላ፣ ሰማያዊው ሲያመዝን የተቆላ ቡና መልክ ይመጣል። ነጩን መጨረሻ ላይ፣ በጥቂቱ። እያንዳንዱን ሙከራ ካርቶን ላይ አውራ ጣት በሚያህል ቦታ ቀቡና ከሥሩ ስንት ለስንት እንደበጠበጣችሁ ጻፉ። አክሪሊክ (በውኃ የሚበጠበጠው ቀለም) ሲደርቅ ጠቆር ስለሚል ሳይደርቅ አትፍረዱ። እኔ መጻፉን ሰንፌ፣ አንድ እሑድ ያገኘሁትን አረንጓዴ እስከ ዛሬ እየፈለግኩት ነው።

አስተማሪ ስትፈልጉ «አስተምሩኝ» ብላችሁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ያልሆነላችሁን ሦስት ሥራ ይዛችሁ «ይቺ እጅ ለምን እንጨት ሆነችብኝ?» ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ። ሥራ የሚወድ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይገፋም። የሚነግሯችሁን ሁሉ ግን አትዋጡ፤ ጋሼ ሐምራዊ አይወዱም፣ እኔ እወዳለሁ፤ አሁንም እንጨቃጨቃለን።

ሰው ካጣችሁ ስድስት ኪሎ ወዳለው የሥዕል ሙዚየም፣ ወደ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ሂዱ። ገብረ ክርስቶስ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰዓሊ ነው። አንድ ሥዕል ምረጡና ቅርጹን ትታችሁ ቀለሞቹን ብቻ ደብተር ላይ በትንንሹ አስፍሩ። የትኛው ቀለም ሰፊ ቦታ እንደያዘ፣ የትኛው ጠብ ብቻ እንዳለ ያኔ ይገባችኋል።

ለልምምድ አንድ ዕቃ ይበቃል። እኔ የቤታችንን ጀበና ሃያ ጊዜ ያህል ሠርቼዋለሁ፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ ቡናው ሳይቀርብ። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ አንድ ዓይነት ጥቁር ድቡልቡል ናቸው። ወደ ስምንተኛው ላይ ይመስለኛል፣ ሆዱ ሥር አረንጓዴ አየሁ። ጀበናው አረንጓዴ የለውም፤ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ነው ከታች የሚያበራበት። በመስኮቱ በኩል ደግሞ ሰማያዊ ጭረት አለው። ያቺን አረንጓዴ ጫር ባደርግበት ጀበናው ከወረቀቱ ተነስቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ነጠላም እንደዚያው ነው፤ እጥፋቱ ውስጥ ያለውን ጥላ ግራጫ አታድርጉት፣ አጠገቡ ያለውን ነገር ቀለም ፈልጉበት።

እንደኔ ከሥራ መልስ ማታ የምትሠሩ ከሆነ ቢጫ አምፖል ሥር ቀለም አትበጥብጡ። ጠዋት ስትነሱ ሌላ ሥዕል ነው የሚጠብቃችሁ። ማታውን ለእርሳስ ንድፍ ተዉት፤ ቀለሙን ቅዳሜ ጠዋት፣ መስኮት አጠገብ።