በፖከር እየበላሁ ነው፤ ወደ ትልቁ ጠረጴዛ ልውጣ?

ይህ ጽሑፍ በላስ ቬጋስ ወይም በሜሪላንድ ካዚኖዎች የ1/2 ዶላር ኖ-ሊሚት ሆልደም እየተጫወቱ፣ ዓይናቸው 2/5 ጠረጴዛ ላይ ላረፈ ወገኖች ነው። ኖ-ሊሚት ሆልደም ውርርዱ ጣሪያ የሌለው የፖከር ዓይነት ነው፤ 1/2 እና 2/5 ደግሞ ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ተጫዋቾች በየተራ በግድ የሚያስይዙት ገንዘብ (ትንሹና ትልቁ ብላይንድ) ነው።

ምልክት፦ "200 ሰዓት ተጫውቼ 2,000 ዶላር በልቻለሁ"

በሰዓት 10 ዶላር ማለት ነው። ለብዙ ሰው በቂ ማስረጃ ይመስለዋል፤ ግን አይበቃም።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ካዚኖ ውስጥ በሰዓት 30 እጅ (ዙር) ገደማ ይታደላል፤ ስለዚህ 200 ሰዓት 6,000 እጅ ብቻ ነው። የዚህ ጨዋታ መዋዠቅ በ100 እጅ 90 ቢግ ብላይንድ (ትልቁ ብላይንድ 2 ዶላር ስለሆነ 180 ዶላር) አካባቢ ነው ብለን ብናሰላው፣ በ6,000 እጅ ውስጥ ዕድል ብቻውን ውጤቱን 1,400 ዶላር ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይገፋዋል። የዚህን እጥፍ ቢገፋውም ብርቅ አይደለም። እንግዲህ 2,000 ዶላር የበላው ሰው ችሎታው በሰዓት 24 ዶላር የሚያስገኝ ሊሆን ይችላል፤ በሰዓት 4 ዶላር የሚያስበላም ሊሆን ይችላል። ሂሳቡ ሁለቱንም አይክድም።

መፍትሄው መዝገብና ትዕግሥት ነው። ከ1,000 ሰዓት በኋላም አማካዩ 10 ዶላር ላይ ከቆየ፣ ክልሉ ከ4 እስከ 16 ዶላር ድረስ ይጠባል፤ ያኔ አሸናፊ ነኝ ማለት ያስኬዳል። ይዛችሁ የተቀመጣችሁትንና ይዛችሁ የተነሣችሁትን ገንዘብ፣ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት እዚያው ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ለዲለር (ለካርታ አዳዩ) የሰጣችሁት ጉርሻም ወጪ ነው። በቃል የተያዘ ሂሳብ የተበላንበትን ሌሊት ቶሎ ይረሳል።

ምልክት፦ ትርፉ በሙሉ ከሁለት ሌሊት የመጣ ነው

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ጥቂት ትልልቅ ኦል-ኢኖች፣ ማለትም ፊታችሁ ያለው ገንዘብ በሙሉ የተያዘባቸው እጆች ናቸው። ፍሎፕ (ጠረጴዛው ላይ የሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች) ሳይወጣ ሁለት አስ ይዛችሁ ሁለት ንጉሥ ከያዘ ሰው ጋር ኦል-ኢን ገብታችሁ ፖቱ (የተያዘው ጠቅላላ ገንዘብ) 400 ዶላር ሆነ እንበል። የማሸነፍ ዕድላችሁ 82 በመቶ ያህል ነው። ኪሳችሁ የሚያውቀው 400 ወይም ባዶ ነው፤ መዝገባችሁ ላይ ግን ድርሻችሁን 328 ዶላር ብላችሁ በሌላ ዓምድ አስፍሩ። ካርታው ተገልጦ በታየበት ኦል-ኢን ሁሉ እንዲህ አድርጉና ሁለቱን ዓምዶች አስተያዩ። የኪሱ ዓምድ ከድርሻው ዓምድ በጣም ከበለጠ፣ ልዩነቱ የካርታ ስጦታ ነው። ጥሩ ካርታ ደጋግሞ የመታደልን ዕድል ግን ይህም ዘዴ አያጠራውም፤ ስለዚህ የሰዓቱን ብዛት አይተካም።

ምልክት፦ የምበላው ዓርብ ማታ ብቻ ነው

ምናልባት የሚያበላችሁ ለመዝናናት የመጣው እንግዳ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት፣ ቋሚ ተጫዋቾች ብቻ ሲቀመጡ ያላችሁን ውጤት ለብቻው አስሉ። 2/5 ላይ የሚጠብቋችሁ እነሱን የሚመስሉ ናቸው፤ 1/2 ላይ የምትበሉት በብላይንድ ሲለካ እዚያም እንዳለ ይቀጥላል ብላችሁ አትቁጠሩ።

ምልክት፦ ወደ 2/5 ወጥቼ በሳምንቱ ተመታሁ

አጨዋወታችሁ ሳይበላሽም ይህ ይደርሳል። 2/5 ላይ በ500 ዶላር ከተቀመጣችሁ፣ በአንድ መጥፎ ሳምንት አምስት መግቢያ (ይዛችሁ የምትቀመጡትን 500 ዶላር አምስት ጊዜ) መጨረስ፣ ማለትም 2,500 ዶላር ማጣት፣ እንግዳ ነገር አይደለም። ችግሩ ያ ገንዘብ የቤት ኪራይ ወይም ለእናት የሚላክ ሲሆን ነው። የፈራ ሰው ጥሩ ካርታ ይጥላል፤ የተናደደ ደግሞ መጥፎውን ይዞ ይከፍላል። ሁለቱም የሚያውቁትን እንኳ መጫወት አይችሉም።

ለቋሚ ጨዋታ ቢያንስ 30 መግቢያ፣ እዚህ ላይ 15,000 ዶላር፣ ከኑሮ ተነጥሎ መቀመጥ አለበት። ያን ያህል ሳይሞላ 2/5ን መሞከር የሚፈልግ ሰው 3 መግቢያ፣ 1,500 ዶላር ይመድብ፤ ካለቀ ወደ 1/2 ይመለስ። መመለሻው ገደብ ከመቀመጣችሁ በፊት ይጻፍ። የባንክ ካርዳችሁንም ቤት ትታችሁ ሂዱ፤ ካዚኖ ውስጥ ያለው ኤቲኤም ለፖከር ክፍሉ ቅርብ ነው።